ነገረኛ፣ የጀንበር ልጅ፣ ከአኩራፊ

አሰልጣኙ በተቀበረ በሳምንቱ ሁለቱ ልጆቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ከዚያ በፊትም አይዋደዱም ነበር፤ ሽማግሌው በመሃል ስለነበረ ግን ጠባቸው ከጉርምርምታ አያልፍም።

ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ንጹሕ ዘር የእሽቅድድም ፈረስ ሲያረባና ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው። ቤቱና ጋጣው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ የትኛው ፈረስ አጃውን እንደተወ ማየት ይቻላል። ሴት ልጁ እዚያው አድጋ እዚያው ቀረች። ጠዋት ፈረሶቹን ታሟሙቃለች፣ ከሰዓት እግራቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባለች፣ ማታ ከአባቷ ጋር ትጨቃጨቃለች። ታላቅ ወንድሟ ግን ገና በጉርምስናው "የፈረስ ሽንት ሽታ ሰለቸኝ" ብሎ ወጥቶ ከተማ ውስጥ መኪና ይሸጥ ነበር። ለቀብር መጣ። ከቀብሩ በኋላ አልተመለሰም። የአባቱን ወንበር ስቦ ተቀመጠና የጋጣውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

ውርሱን ያከፋፈለው ጠበቃ የወንድምየው ጓደኛ ነው። ቤቱም፣ ጋጣውም፣ በሥልጠና ላይ ያሉት ፈረሶችም ለወንድምየው ሆኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀንበር ለእሱ ሆነ። ጀንበር ሽማግሌው የሚኮራበት ድንጉላ ነው፤ ልጆቹ ፈጣኖች ስለሆኑ ከየአቅጣጫው ባዝራ ይመጣለታል። ለእህትየው አንዲት ባዝራ ተሰጠቻት።

ያቺ ባዝራ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበራት፤ ኋላ ግን በጋጣውም በመዝገቡም አኩራፊ ተብላ ቀረች። ዘሯ የሚናቅ አይደለም። እናቷ ሰረገላ በዘመኗ የሚቀድማት የጠፋ ባዝራ ነበረች። አኩራፊም በልጅነቷ ሦስት ጊዜ ሮጣ ሦስቱንም አሸንፋለች። በአራተኛው የመነሻው በር ሲከፈት ግን ቆማ ቀረች። ጋላቢው ቢለምናት፣ ቢመታት፣ ቢሰድባት ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ለእርባታ ስትመደብም ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ማርገዝ እምቢ አለች።

"ሁለታችሁም ኩርፊያ ስለምትወዱ ትስማማላችሁ" አላት ወንድሟ፣ ጠበቃው ፊት።

"ጀንበርንስ ማን ነው ያሳደገው? አንተ ከዚህ ቤት ስትወጣ እንኳን እሱ እናቱም አልተገዛችም ነበር።"

"ጀንበር ከጋጣው ጋር ነው። ጋጣው የኔ ነው። ሌላ ጥያቄ አለሽ?"

ልጅ ሆና ጋሼ ነበር የምትለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም፤ ስለ እሱ ማውራት ግድ ሲሆንባት "ያ ሰውዬ" ትላለች። ባዝራዋን በገመድ እየሳበች በዋናው በር ወጣች። እናታቸው ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ ወጥታ አልከለከለችም፣ አልሸኘችም። ቤቱ የልጇ ሆኗል፣ እሷም የምትኖረው እዚያው ነው።

እህትየው ከከተማው ዳር፣ የጡብ ፋብሪካ አጥር ሥር፣ ቀድሞ ላም ይታለብበት የነበረ በረት ተከራየች። ጣሪያውን ራሷ ጠገነች። አኩራፊ በአዲሱ ቤቷ አኮረፈች፤ ግን ትበላለች፣ ሆዷም ይገፋል። እህትየው የድርቆሽ ሆድ መስሏት መጠኑን ቀነሰችባት። ባዝራዋ ባዶ ባልዲ እየረገጠች በረቱን ስታናውጥ፣ ነገሩ ያላማራት እህትየው የእንስሳት ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ እስከ ትከሻው ጓንት አጥልቆ ዳበሰና ክንዱን ቀስ ብሎ አወጣ።

"ይቺ ባዝራ ባዶ ናት ያለሽ ማነው?"

"ያላለ የለም።"

"እንግዲያው ያላለ ሁሉ ተሳስቷል። ከባድ እርጉዝ ናት።"

ያኔ ትዝ አላት። አባቷ አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት "አንድ የመጨረሻ ጊዜ እንሞክራት" ብሎ አኩራፊን ከጀንበር ጋር አገናኝቷት ነበር፤ ገመዱን የያዘችው ራሷ ናት። ከዚያ ሕመሙ መጣ፣ ሞት መጣ፣ የባዝራዋ ነገር ከሁሉም ሰው ልብ ወጣ።

ዝናብ በሚወርድበት አንድ ረፋድ ላይ ወለደች። ዳማ ወንድ ውርንጭላ ነው፤ ግንባሩ ላይ የጀመረው ነጭ መስመር ወደ አንድ አፍንጫው ተጣሟል። ሐኪሙ ሊመረምረው ጎንበስ ሲል ውርንጭላው ጆሮውን ለቀም አደረገው። ጥርስ ስላልነበረው በድዱ ጨመቀው፤ ሐኪሙም ጆሮውን እያሻሸ "ይሄ ነገረኛ ነው" አለ። ስሙም በዚያው ነገረኛ ሆኖ ቀረ።

ንጹሕ ዘር ፈረስ ለውድድር የሚቀርበው አባትና እናቱ ተጣርተው ዘር መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ ነው። ለዚያ ደግሞ የድንጉላው ባለቤት መፈረም አለበት። እህትየው ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ወደ አባቷ ግቢ ሄደች። ወንድሟ በር ላይ አቆማት፤ ግቢ አላላትም።

"የፈረሴን ዘር ይዘሽ ወጥተሽ አሁን ፊርማ?"

"አንተ ነህ የሰጠኸኝ።"

"ባዶ መስላኝ ነዋ።"

"ያ ያንተ ችግር ነው።"

ትንሽ አሰበ። ድምፁን የመኪና ሻጭ ድምፅ አደረገው። "ውርንጭላውን መልሺልኝ፣ በምትኩ ዓመት ከሞላቸው ውርንጭሎች ሁለቱን እሰጥሻለሁ። የፈለግሻቸውን ምረጪ።"

ሳቀችበት። ያቺ ሳቅ ናት ነገሩን ያባሰችው ይላሉ፤ እናቷም ኋላ እንዲህ ብላታለች። ወንድምየው በሩን ዘጋ፣ አልፈርምም አለ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ከመነጽሩ በላይ አይቷት፣ ፊርማ ከሌለው ውርንጭላዋ ጋሪ ከመጎተት በቀር ለምንም እንደማይሆን ነገራት።

"እናንተ ጋ የጀንበር ደም የለም?" አለች።

"የሁሉም ድንጉላ ደም ተቀምጧል።"

"ታዲያ የሱን ፊርማ ምን ያደርግላችኋል? ደሙን ጠይቁት።"

ጸሐፊው ለአለቃው ነገረ፣ አለቃውም ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ፈቀደ። ከውርንጭላው ደም ተወሰደ፤ ለመውሰድ ሦስት ሰው አስፈለገ። ውጤቱ ሲመጣ አሻሚ አልነበረም። ወንድምየው ይግባኝ አለ፤ ዘሩ ተሰርቋል፣ እህቴ ሆን ብላ ደብቃኛለች ብሎ ተከራከረ፤ ሰሚ አላገኘም። መዝገቡ ላይም ነገረኛ፣ የጀንበር ልጅ፣ ከአኩራፊ ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ቀን ወንድምየው ጥርሱን ነከሰባት። ለሚያውቃቸው ጋላቢዎች በሙሉ፣ ለእሷ የጋለበ የእሱን ኮርቻ እንደማይነካ አስታወቀ።

በዚህ የተነሳ ለነገረኛ የተገኘው ጋላቢ አንድ ብቻ ሆነ። ትንኝ ይሉታል፤ ሰውነቱ ኢምንት ነው፣ ንግግሩ ግን ይነድፋል። ሽማግሌው ፈረስ አላግባብ ገርፏል ብሎ ከዓመታት በፊት ያባረረው ሰው ነው፤ ያኔ ስለ ግርፋቱ ለአባቷ የነገረችው እህትየው ናት። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

"ሌላ ሰው ባገኝ አንተን እዚህ ደጃፍ አላይህም ነበር" አለችው ገና ከመግባቱ።

"እኔም ሌላ ፈረስ ባገኝ ላም በረት ውስጥ አልቆምም ነበር፣ እትዬ።"

"አለንጋ ይዘህ ከመጣህ ባንተው ላይ ነው የምሞክረው።"

ትንኝ ወደ ጋጣው ዞረ። ነገረኛ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ክንዱ እስኪደርስለት ይጠብቃል። "ለዚህኛው አለንጋ የሚያዘው ራስን ለመከላከል ነው" አለ ትንኝ።

በመጀመሪያው ውድድር ነገረኛ ከኋላ ሆኖ፣ መሮጡ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሆነ ሁሉ ይንሸራሸር ጀመር። መጠምዘዣው ላይ አንድ ጉራቻ ፈረስ ሲያልፈው በትከሻው ገፋ አደረገው። ትንኝ በኋላ ሲያወራ "ከሥሬ ሌላ ፈረስ የገባ መሰለኝ" ይል ነበር። ነገረኛ ጉራቻውን ተከትሎ ነጎደ፣ አጠገቡ ደረሰ፣ ሊነክሰው ሞከረ፣ አለፈው፤ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ሦስተኛ ወጣ። ትንኝ ከኮርቻው ሲወርድ የሆነ ነገር ገብቶት ነበር።

"ይሄ ፈረስ ሩጫ አይወድም" አላት። "ጠብ ነው የሚወደው። ፊት ብቻውን ከሆነ ያዛጋል። ተጣልቶ ማሸነፍ አለበት።"

"ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ" አለች እህትየው። ትንኝ የቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊቷን አየና ተወው።

ከዚያ በኋላ አጋላለቡን አወቁበት። ትንኝ እስከ መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ድረስ በፈረሶች መሃል ይይዘዋል፣ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሲቀረው ከጠንካራው ፈረስ ጎን ያወጣዋል፣ የቀረውን ነገረኛ ራሱ ይጨርሳል። ሁሌም በአንገት ወይም በራስ ርዝመት ነው፤ አጠገቡ የሚጣላው ሰው እስኪያጣ ድረስ ብቻ ይሮጣል። በሁለት ዓመቱ ያን አንዱን ሦስተኛነት ትቶ የቀረውን ሁሉ አሸነፈ። በሦስት ዓመቱ የፀደዩን ውድድር ወሰደ። ጋዜጦቹ የዘሩን ሐረግ መተንተን ያዙ፤ ፍጥነቱ ከጀንበር፣ ትንፋሹ ከሰረገላ፣ ጠባዩ ደግሞ ከማን እንደመጣ አይታወቅም ብለው ጻፉ። ሜዳው ላይ ወንድምየውን የሚያዩ ወስላቶች "ሌላ ባዶ ባዝራ የለህም ወይ?" ይሉት ጀመር።

በዚያው ዓመት ትልቁ ዋንጫ መጣ። ወንድምየው ለዚህ ቀን ያሰናዳው ጉልላት የሚባል የጀንበር ልጅ ነበረው፤ ለነገረኛ በአባት ወንድሙ ነው። ሌላም ደካማ ፈረስ አስገባ። የዚያ ደካማ ፈረስ ሥራ ማሸነፍ ሳይሆን ነገረኛን አጥሩ ላይ አጣብቆ ማስቀረት ነው። እንደታሰበውም ሆነ። መጠምዘዣው ላይ ነገረኛ ከፊቱ በጉልላት፣ ከጎኑ በደካማው ፈረስ ታጠረ። ትንኝ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ መንገድ አጣ። ከዚያ የደካማው ፈረስ ጋላቢ አለንጋውን አንስቶ አወረደውና ነገረኛን ዓይኑ ሥር መታው።

ሳይታሰብ ይሁን ታስቦ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ነገረኛ ግን አልተከራከረም። አንገቱን ዘርግቶ የጋላቢውን ቦት ጫማ ነክሶ ሳበ። ሰውየው ኮርቻው ላይ ተንጋደደ፣ ፈረሱ ወደ ውጭ ሸሸ፣ ቀዳዳው ተከፈተ። ነገረኛ በቀዳዳው ሾልኮ ጉልላት ጎን ደረሰ፣ ዓይኑ ሥር ደም እየወረደ ከወንድሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ በራስ ርዝመት ቀደመው።

ወንድምየው ወዲያው ክስ አቀረበ፤ ፈረሱ ተናክሷል፣ ውጤቱ ይሰረዝ አለ። ዳኞቹ ፊልሙን ደጋግመው አዩና ውጤቱን አጽድቀው፣ በአለንጋ የመታውን ጋላቢ ከሜዳ አገዱት። ሁለቱ ከዳኞቹ ክፍል ወጥተው ጠባቡ ኮሪደር ላይ ተፋጠጡ። እናታቸው የልጇን ካፖርት ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ዓይኑ ቢጠፋ ኖሮ ያንተን አወጣው ነበር" አለችው እህቱ።

"ፈረስሽ አፉን ይታሰርለት። ያንቺም እንደዚያው።"

እናታቸው ካፖርቱን አግዳሚው ላይ ጣለችው። "አባታችሁ ይሄን ዋንጫ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ ሞተ" አለች። "ዛሬ በሱ ድንጉላ ልጆች አንደኛም ሁለተኛም ወጣችሁ። ደስ ሊለኝ ነበር የመጣሁት። አላስቻላችሁኝም።" ተነስታ ብቻዋን ወደ መውጫው ሄደች። የትኛቸው እንደሚከተላት ስላልተስማሙ ማንም አልተከተላትም።

በቀጣዩ ክረምት ጀንበር ሆዱን አሞት ሞተ። ጉልላትም ከዚያ ውድድር በኋላ ልቡ የተሰበረ ይመስል እንደ በፊቱ አልሮጠም። ወንድምየው አንድ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው፣ እህቱ ዋንጫውን ያገኘችው በእግር ሳይሆን በጥርስ ነው አለ። ጋዜጣው ላይ ወጣ። እህትየው ቆርጣ ጋጣው በር ላይ ለጠፈችው፤ በገባችና በወጣች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

የዋንጫው ወቅት እንደገና ሲደርስ ፀሐዩ ከርሞ ሜዳው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ሐኪሙ የነገረኛን የፊት እግር ዳብሶ፣ ቁስል የለም ግን ሙቀት አለ፣ ይሄ ውድድር ይለፈው አላት። ትንኝም አልወደደውም።

"ቢቀርስ፣ እትዬ?"

"ከቀረ ያ ሰውዬ ፈርታ ነው ይላል።"

"ይበላ።"

"አንተ ጋልብ። ማሰቡን ለኔ ተወው።"

ጋለበ። ነገረኛ እንደ ልማዱ በመሃል ቆይቶ በመጨረሻው ቀጥታ ወጣ። ፊት ያለውን ፈረስ ሊደርስበት ሲል፣ ወንድምየው ከሌሎች ባለ ፈረሶች ጋር ቆሞ በሚያይበት አጥር ትይዩ፣ እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ትንኝ ልጓሙን ስቦ ዘሎ ወረደ፣ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ነገረኛ በሦስት እግሩ እየዘለለ ሌሎቹን ሊከተል ይታገላል።

አጥሩን ዘሎ መጀመሪያ የደረሰው ወንድምየው ነው። በዕለቱ የለበሰው ነጭ ሱፍ ነበር። ልጓሙን ጨብጦ የፈረሱን ራስ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ነገረኛ ትከሻውን ነከሰው፤ አለቀቀም። እህትየው ከመነሻው በኩል እየሮጠች መጥታ ደረሰች።

"እጅህን ከፈረሴ ላይ አንሳ።"

"ካነሳሁ እግሩን መሬት ያስነካል። አሁን ነገሩን ተዪና በዚያ በኩል ያዢው።"

በዚያ በኩል ያዘችው። የፈረሱ ላብ በሁለቱም እጅ ላይ ይወርዳል።

"ደስ አለህ" አለችው ቀስ ብላ።

"ደስ ብሎኛል። ራሱን ዝቅ አድርጊው።"

"አውሬ ነህ።"

"ይሄን የድንጋይ ሜዳ ማን አስሮጠው? እኔ ነኝ? ጠዋት ሲረግጥ አይቼዋለሁ። እያነከሰ ነበር።"

"አላነከሰም።"

"እርምጃውን ያሳጥር ነበር። አይተሻል፣ አውቀሻል፣ አስሮጥሽው። ለኔ ብለሽ ነው ያስሮጥሽው። ራሱን ዝቅ አድርጊ አልኩሽ!"

ዝቅ አደረገችው። ሰዎች አረንጓዴውን ሸራ ይዘው መጡ፤ ፈረስ የሚገደል እንደሆነ ሕዝቡ እንዳያይ የሚጋረድ ሸራ ነው። ሐኪሙ ተንበርክኮ እግሩን ዳበሰ። ከሰኮናው በላይ ያለችው አጥንት ተሰንጥቃለች፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም።

"ማነው ባለቤቱ?" አለ ከሐኪሙ ጋር የመጣው የሜዳው ሹም፤ ሁለቱንም ተራ በተራ እያየ።

"እሷ ናት" አለ ወንድምየው። "ጥያቄውን ተውና እግሩን አስሩለት።"

"ሊተርፍ ይችላል፤ እርግጠኛ አይደለሁም" አላት ሐኪሙ። "ብዙ ይሠቃያል።"

እህትየው የፈረሱን አንገት እንደያዘች "እሰሩለት" አለች። መኪናው ላይ እስኪጭኑት ሁለቱም አለቀቁትም። መኪናው ሲሄድ ወንድምየው የተበላሸ ሱፉን እያራገፈ፣ ሳይሰናበት፣ ተመልሶ አጥሩን ዘለለ።

ነገረኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አጥንቱ በብሎን ተያዘ። ለወራት በሰፊ ቀበቶ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ቆሞ፣ የሚቀርበውን ሁሉ እየነከሰ ዳነ። መሮጡ ግን ቀረ። ትንኝም በወለቀ ትከሻው ከሙያው ወጣ። ሲሰናበታት "ፈረሱን አንተ ጋለብከው፣ የሰበረችው ግን እሷ ናት ይሉኛል፤ አላስተባበልኩም" አላት። እሷም አላስተባበለችም። በሩ ላይ የለጠፈችውን የጋዜጣ ቁራጭ የቀደደችው በዚያ ሰሞን ነው።

ነገረኛ ለእርባታ ተመደበ። ባዝራዎች ከሩቅ መምጣት ጀመሩ፤ የበረቱ ቦታ ላይ ደህና ጋጣ ተሠራ። የወንድምየው ባዝራዎች አብዛኞቹ የጀንበር ልጆች ስለሆኑ ለነገረኛ እህቶች ናቸው፤ አይሆኑም። ከሌላ ዘር የመጣች አንዲት ግራጫ ባዝራ ግን ነበረችው። በአማላጅ ሳይሆን ራሱ ስልክ ደወለ።

"ግራጫዋን ላምጣት?"

"አታምጣት" ብላ ዘጋችው።

በሚቀጥለው ዓመት ደወለ፤ ዘጋችው። በሦስተኛው ዓመት ደወለና ሊዘጋበት ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ "ሰኞ አምጣት፤ እንደማንኛውም ሰው ሙሉውን ትከፍላለህ" አለችው። ለምን እንደፈቀደች አልተናገረችም፤ እናታቸው ስትጠይቃት "ባዝራዋ ምን አደረገችኝ?" ብላ ወሬ ቀየረች። ሰኞ መጣ፣ ባዝራዋን አወረደ። እህቱ ከቤት አልወጣችም። እሱም አልጠየቃት።

ግራጫዋ የወለደቻት ሴት ውርንጭላ ቁመናዋ ያማረ ነበር። አድጋ ለመጀመሪያው ውድድር ስትቀርብ እናታቸው በሁለት ልጆቿ መሃል ቆማ አየች። ሴቷ ፈረስ ጥሩ ተነሳች፣ ግማሽ መንገድ ድረስ አማረባት፣ ከዚያ እየቀረች፣ እየቀረች ሄዳ ከሁሉም መጨረሻ ገባች። አልተጣላችም፣ አልነከሰችም፤ የሚያልፋትን ሁሉ በጨዋ ደንብ አሳለፈች።

"ይሄ ነው እንግዲህ ሻምፒዮኑ ዘርሽ" አለ ወንድምየው።

"የኔማ ደህና ነው። ያንተ ግራጫ ናት ውኃ የጨመረችበት።"

"ግራጫዋ ያለፈው ልጇ አሸንፏል።"

"ማንን? አህያ?"

"ለሞኝ ፈረስ ሙሉውን አስከፍለሽኛል።"

"ብትፈልግ የሚቀጥለውን ዓመት እጥፍ አስከፍልሃለሁ።"

"ማን አመጣታለሁ አለ?"

"አታምጣት።"

"አመጣታለሁ።"

በዙሪያቸው የነበሩ ሰዎች ዞረው ማየት ጀመሩ። እናታቸው ሁለቱንም በክንዳቸው ይዛ፣ ቀስ ብለው እንዲጣሉ እየነገረቻቸው፣ ፈረሷ ወደምትቀዘቅዝበት ጥላ ወሰደቻቸው።